ከሙዚቃዊ ተውኔት የዜማ ደራሲዎች ታላቁ ማን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ላይ ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰብን ሙዚቃዊ ተውኔቶችን በምናይበት ትንሽ ክበብ ውስጥ እየተመላለሱ የሚነሡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ሙዚቃዊ ተውኔት ሲባል ዘፈን ያለበት ድራማ ሁሉ ነው?

አይደለም። የሠርግ ትዕይንት ላይ ዘፋኝ ገብቶ ቢዘፍን ድራማው ማጀቢያ አገኘ እንጂ ሙዚቃዊ ተውኔት አልሆነም። ሙዚቃዊ ተውኔት የሚባለው ዘፈኑ ሲወጣ ታሪኩ የሚጎድልበት ሥራ ነው። ገጸ ባሕርዩ በንግግር ሊያወጣው ያልቻለውን በዜማ ያወጣዋል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ወይ ወስኗል፣ ወይ ተጸጽቷል፣ ወይ ራሱን አታልሏል። በኅብረት የሚዘፈነውም ሥራ አለው። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፊቼ ጫምባላላ ጉዱማሌ አደባባይ ወርዶ ቄጣላ የሚባለውን የኅብረት ጭፈራ የሰማ የሐዋሳ ሰው፣ ብዙ ድምፅ በአንድነት ሲነሣ የሕዝብን ስሜት እንዴት እንደሚሸከም ማስረጃ አያስፈልገውም።

ከኦፔራ ጋር ያለው ድንበር ግን ልል ነው። ኦፔራ በአብዛኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዜማል፤ ዘፋኞቹም ያለ ድምፅ ማጉያ አዳራሽ እንዲሞሉ ሆነው ይሠለጥናሉ። ሙዚቃዊ ተውኔት ንግግርን፣ ዘፈንንና ውዝዋዜን ያቀላቅላል። ይሁን እንጂ ጆርጅ ገርሽዊን በ1935 «ፖርጊ ኤንድ ቤስ»ን የሕዝብ ኦፔራ ብሎ ሰይሞ ብሮድዌይ ላይ አቀረበው፤ «ሌ ሚዜራብል» ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እየተዜመ ኦፔራ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ጉዳይ አንድ ሙሉ ምሽት ማባከን አልመክርም።

ብሮድዌይ የቲያትር ቤት ስም ነው?

በኒውዮርክ ከተማ የሚገኝ የጎዳና ስም ነው። በተለምዶ ግን ብሮድዌይ ሲባል በዚያ ሠፈር የሚገኙ፣ 500 እና ከዚያ በላይ መቀመጫ ያላቸው 41 ቲያትር ቤቶች ማለት ነው። አብዛኞቹም በጎዳናው ላይ ሳይሆን በመገንጠያ መንገዶቹ ውስጥ ናቸው። የለንደን አቻው ዌስት ኤንድ ይባላል።

ዜማ የሚደርሰውና ሙዚቃውን የሚያቀናብረው አንድ ሰው ነው?

በአገራችን ካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ተብሎ የተለያየ ሰው ስም እንደሚሰፍረው ሁሉ እዚያም ሥራው የተከፋፈለ ነው። ዜማ ደራሲው ዜማውንና መሠረታዊ ስምሙን፣ ማለትም ከዜማው ጋር አብረው የሚሰሙትን ድምፆች፣ በፒያኖ ይጽፋል። ቫዮሊኑ የት ይግባ፣ ጥሩምባው መቼ ዝም ይበል የሚለውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። «ሾው ቦት»ን፣ «ኦክላሆማ»ን እና «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሙዚክ»ን ለኦርኬስትራ ያቀናበረው ሮበርት ራስል ቤኔት ነው፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ከስንት አንድ ነው። ጆናታን ቱኒክም ለዜማ ደራሲው ስቲቨን ሶንድሃይም እንዲሁ ሠርቷል። ራሱ ደርሶ ራሱ በማቀናበር የሚታወቀው ኩርት ቫይል ነው፤ በዚህ ብቻ የሚያስበልጡት ሰዎች አሉ።

ስለዚህ «ያ ሙዚቃ እንዴት ያምራል!» ስንል የምናደንቀው ዜማውን ይሁን ቅንብሩን ለይተን ማወቅ አለብን። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ያንኑ ዘፈን በፒያኖ ብቻ ታጅቦ መስማት። ውበቱ ካልጠፋ ምስጋናው የዜማ ደራሲው ነው።

ኖታ የማያነብ ሰው ታላቅ የዜማ ደራሲ ሊባል ይችላል?

ይህን ጥያቄ ኢትዮጵያዊ መጠየቁ ይገርመኛል። ክራር ይዞ በጆሮው ብቻ ዜማ የሚያፈልቅ ሰው በየመንደሩ ያለን ሕዝቦች ነን። ኧርቪንግ በርሊን ኖታ መጻፍ አይችልም ነበር። የሚጫወተውም በአብዛኛው የፒያኖውን ጥቁር ቁልፎች ነበር፤ ቅኝቱን ከፍና ዝቅ ለማድረግ በፒያኖው ላይ የተገጠመውን ማዞሪያ ይጠቀማል። የሚያፈልቀውን ዜማ የሚጽፍለት ረዳት ነበረው። በ1946 የቀረበው «አኒ ጌት ዩር ገን» በዚህ ዓይነት ሰው የተሠራ ነው።

በክርክሩ ሁልጊዜ የሚጠሩት እነማን ናቸው?

«ኦክላሆማ»ን የሠራው ሪቻርድ ሮጀርስ፣ «ስዊኒ ቶድ»ን የሠራው ስቲቨን ሶንድሃይምና «ዘ ፋንተም ኦፍ ዚ ኦፔራ»ን የሠራው አንድሩ ሎይድ ዌበር ሳይጠሩ ያለቀ ክርክር አላውቅም። ከእነሱ ቀጥሎ በ1927 «ሾው ቦት»ን ያቀረበው ጄሮም ከርን፣ ገርሽዊን፣ «ኪስ ሚ ኬት»ን የሠራው ኮል ፖርተር፣ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»ን የሠራው ሊዮናርድ በርንስታይን፣ «ማይ ፌር ሌዲ»ን የሠራው ፍሬደሪክ ሎው፣ «ካባሬ»ንና «ቺካጎ»ን የሠራው ጆን ካንደር፣ «ሌ ሚዜራብል»ን የሠራው ክሎድ ሚሼል ሾንበርግ ይነሣሉ። ከክበባችን አንድ ሰው ደግሞ ሳይታክት ቅዱስ ያሬድን ያነሣል። ቅዱስ ያሬድን በብሮድዌይ ውድድር ማሰለፍ ግን ድፍረት ነው፤ ይቅርብን።

ብዙ ጊዜ በመድረክ የቆየው ሥራ ባለቤት አይበልጥም?

በዚህ ሚዛን ከሆነ ክርክሩ ገና ሳይጀመር አለቀ። የሎይድ ዌበር «ዘ ፋንተም ኦፍ ዚ ኦፔራ» በኒውዮርኩ ማጀስቲክ ቲያትር ከጥር 1988 እስከ ሚያዝያ 2023 ድረስ 13,981 ጊዜ ቀርቧል፤ በብሮድዌይ ታሪክ የሚደርስበት የለም። በዚያው በማጀስቲክ ቲያትር በ1945 የተከፈተው የሮጀርስ «ካሩሰል» 890 ጊዜ ቀርቦ ወርዷል። የሶንድሃይም «ሜሪሊ ዊ ሮል አሎንግ» ደግሞ በ1981 ተከፍቶ በ16ኛው ትርኢት ተዘጋ። ያው ሥራ በ2023 እንደገና ሲቀርብ ግን ትኬቱ የማይገኝ ሆነ፤ በ2024ም በድጋሚ ከቀረቡ ሙዚቃዊ ተውኔቶች የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የብሮድዌይን ትልቅ ሽልማት፣ ቶኒን፣ ወሰደ። በ42 ዓመት ውስጥ ተውኔቱ ተሻሽሏል፤ አብዛኛው ዜማ ግን ያው ነው፤ ይበልጥ የተለወጠው ሰሚው ነው።

የትርኢት ብዛት የሚለካው ብዙ ነገር አንድ ላይ ተደምሮ ነው፦ የቱሪስቱን ብዛት፣ የትኬቱን ዋጋ፣ የአዘጋጁን ጥበብ፣ በ«ፋንተም» ከጣሪያ የሚወርደውን ትልቅ የመብራት ማንጠልጠያ። ሎይድ ዌበርን ማናናቅም አይገባም። ሰፊ ዜማ የመዘርጋት ተሰጥኦው የማይካድ ነው፤ «ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር»ን ሲሠራ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ኢየሱስ በጌተሴማኒ ብቻውን ሆኖ የሚዘፍነውን ሰምቶ ሳይነካ የቀረ ሰው ክበባችን ውስጥ የለም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። አንዱን ጥሩ ዜማ ቃሉን ቀይሮ ለሌላ ገጸ ባሕርይ በሌላ ሁኔታ ደጋግሞ ያዘፍነዋል። አንዳንዴ ድግግሞሹ ትርጉም አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን ዜማው ስለሚያምር ብቻ የተመለሰ ይመስለኛል።

የሶንድሃይም ዜማ አይንጎራጎርም ይባላል። የማይንጎራጎር ዜማ ምን ይጠቅማል?

መጀመሪያ ነገሩ ራሱ ሙሉ እውነት አይደለም። በ1973 ለቀረበው «ኤ ሊትል ናይት ሚውዚክ» የጻፈው «ሴንድ ኢን ዘ ክላውንስ» በዘፋኟ ጁዲ ኮሊንስ ድምፅ ገበያ ሞልቶ፣ በ1976 የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ተብሎ የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። የዘፈኑ አሠራር መጠጋት የሚገባው ነው። የመጀመሪያዋ ተዋናይት ግሊኒስ ጆንስ ድምፅዋ ውብ ነበር፤ ትንፋሿ ግን አጭር ነበር፤ ረጅም ድምፅ ይዛ መቆየት አትችልም ነበር። ሶንድሃይም ይህን አውቆ ሐረጎቹን አሳጠራቸው፤ ብዙዎቹንም ጥያቄ አደረጋቸው። አንዲት ሴት የምትወደውን ሰው ዘግይታ ጠይቃ እምቢ ተብላለች፤ አንድ ሐረግ ትልና ትቆማለች፣ ትንፋሽ ትወስዳለች፣ ሌላ ትጨምራለች። የተዋናይቷ የትንፋሽ ማጠር የገጸ ባሕርይዋ የሐዘን ማነቅ ሆነ።

ሁለተኛ፣ ሶንድሃይም አውቆ የማይንጎራጎር የሚያደርግበት ቦታ አለ። በ1979 በቀረበው «ስዊኒ ቶድ» ውስጥ ፀጉር አስተካካዩ የጠፋችበትን ልጁን እያሰበ በለስላሳ ዜማ ይዘፍናል፤ እጁ ግን ወንበሩ ላይ የሚቀመጡትን ደንበኞች ጉሮሮ አንድ በአንድ በምላጭ ይቆርጣል። ዜማው አይቸኩልም፣ አይቆጣም። አስፈሪነቱም እሱ ላይ ነው። ይህን እያንጎራጎረ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ካለ በባጃጅ አብሬው አልሳፈርም።

ታዲያ ብዙ ባለሙያዎች ሶንድሃይምን አንደኛ የሚያደርጉት ለምንድን ነው?

ዜማውንም ግጥሙንም ራሱ ይጽፍ ስለነበር፣ ሥራዎቹም እርስ በርሳቸው ስለማይመሳሰሉ ነው። በ1970 «ካምፓኒ» ስለ ትዳርና ብቸኝነት፣ በ1976 «ፓሲፊክ ኦቨርቸርስ» ጃፓን በሯን ለምዕራባውያን ስለከፈተችበት ዘመን፣ በ1984 «ሰንዴይ ኢን ዘ ፓርክ ዊዝ ጆርጅ» ነጥብ በነጥብ ስለሚስል ሠዓሊ ነው፤ ከሦስቱ ይህኛው የአሜሪካውን የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። «ኤ ሊትል ናይት ሚውዚክ» ደግሞ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በሦስት ምትና በብዜቶቹ የተጻፈ ነው። እንዲህ ያለ ግዴታ በራሱ ላይ ጥሎ የሚወጣው ሰው ብርቅ ነው።

ሁለቱ ተፎካካሪዎች አንድ ጊዜ አብረው ሠርተዋል። በ1965 ሮጀርስ ዜማውን፣ ሶንድሃይም ግጥሙን ጽፈው «ዱ አይ ሂር ኤ ዎልትዝ» የሚል ተውኔት አቀረቡ። ሳይስማሙ ጀምረው ሳይስማሙ ጨረሱ። ሁለት ታላቅ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ማስገባት ታላቅ ሥራ እንደማያመጣ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

ግጥሙን ሌላ ሰው ከጻፈው ክብሩ የማን ነው?

ከባዱ ጥያቄ እዚህ ይጀምራል፤ ሮጀርስን የሚነኩትም በዚህ በኩል ነው። «ግጥሙ ባይኖር ዜማው ምን ይሆን ነበር?» ይላሉ። መልሱ የራሱ የሮጀርስ የሥራ ዘመን ነው፤ ዕድሜውን ለሁለት የከፈሉት ሁለት ገጣሚዎች አሉትና።

ከሎሬንዝ ሃርት ጋር ከ20 ዓመት በላይ ሲሠራ በአብዛኛው ዜማው ቀድሞ ይመጣል፤ ሃርት ቃሉን በኋላ ይፈልግለታል። በ1937 የወጣው «ማይ ፈኒ ቫለንታይን» የዚያ ዘመን ነው፦ ከተሜ፣ ብልጥ፣ ትንሽ መራራ። ሃርት በ1943 ሞተ። በዚያው ዓመት ሮጀርስ ከኦስካር ሃመርስታይን ጋር «ኦክላሆማ»ን አቀረበ፤ 2,212 ጊዜ ታየ። አሠራሩም ተገለበጠ፤ አሁን ግጥሙ ይቀድማል፣ ሮጀርስ ወረቀቱን ፒያኖው ላይ ዘርግቶ ዜማ ይሰጠዋል። ዜማው ረጋ አለ፣ ሰፋ አለ፣ የገጠር ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ሆነ። አንድ ሰው በሁለት ተቃራኒ መንገድ ሠርቶ በሁለቱም አንደኛ መሆኑ ዜማው ከገጣሚው የተበደረ እንዳልሆነ ያሳየኛል። ከሃመርስታይን ጋር እስከ 1959 ድረስ ከሠራቸው መካከል «ካሩሰል»፣ «ሳውዝ ፓሲፊክ»፣ «ዘ ኪንግ ኤንድ አይ» እና «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሙዚክ» ይገኛሉ፤ የመጨረሻውን በፊልም ያላየ የኔ ዘመን ሰው ጥቂት ነው።

አንድ ድንቅ ሥራ ብቻ ያለው ሰው ታላቅ አይባልም?

ጥያቄው ስለ በርንስታይን ነው። የ1957ቱ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ከጻፋቸው የመድረክ ሥራዎች ሁሉ ገናና ነው፤ በአንድ ሥራ ብቻ ተወዳድሩ ቢባል እኔም እሱን ለመስጠት እፈተናለሁ። በመጀመሪያው ክፍል መዝጊያ አካባቢ አምስት ወገን አንዱን ምሽት ይጠብቃል፤ ሁለቱ ተፋላሚ የወጣት ቡድኖች ጠብ ፈልገው፣ ፍቅረኞቹ መገናኘት ፈልገው፣ ሌላዋ ሴት የራሷን ደስታ አስባ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይዘፍናሉ። አንዱ ከሌላው አይምታታም። ግን በርንስታይን ልቡ በኦርኬስትራ መሪነትና በኮንሰርት ሙዚቃ ተከፍሎ ነበር። ታላቅ ሙዚቀኛ ነው፤ የመድረክ ሰውነቱ ግን የትርፍ ጊዜ ነበር።

«ሃሚልተን» እና «ዘ ላየን ኪንግ»ስ?

ሊን ማኑዌል ሚራንዳ በ2015 በ«ሃሚልተን» ራፕን ከመድረክ ትረካ ጋር ያዋሐደበት መንገድ ቀልድ አይደለም፤ 11 የቶኒ ሽልማትና የፑሊትዘር ሽልማት የወሰደውም በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ታላቅነትን ለመዳኘት የሥራ ክምችት ያስፈልጋል፤ እሱ ገና በመሥራት ላይ ነው። ልጆቻችን ይፍረዱት።

«ዘ ላየን ኪንግ» በ1997 መድረክ ላይ ሲወጣ የኤልተን ጆን ዘፈኖች ይዘውት ወጥተዋል። ሆኖም መጋረጃው ሲከፈት አዳራሹን የሚያንቀጠቅጠው ጥሪና የኅብረ ድምፁ ጉልበት የደቡብ አፍሪካዊው የሌቦ ኤም ነው። አፍሪካዊ ዜማ በብሮድዌይ ትልቁ መድረክ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማየት ለሚፈልግ እነሆ።

ከእኛ አገርስ ማን ይጠራል?

ዮፍታሔ ንጉሤ መጀመሪያ ይጠራል። በጎጃም ቅኔ ቤት ያደገ ሊቅ ሆኖ ተውኔቶቹን በመዝሙርና በዜማ ይሞላቸው ነበር። ሙዚቃው በኬቮርክ ናልባንዲያን የተደረሰው የዘውድ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥምም ከእሱ ስም ጋር ይነሣል። በ1935 የተቋቋመው ሀገር ፍቅር ቲያትር ውስጥ ደግሞ ኢዮኤል ዮሐንስ ተውኔትም ዜማም እየጻፈ መድረኩን ለዓመታት መግቧል። በ1955 በተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር በምንለው ቤት የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ኦርኬስትራና መዘምራን አሠልጥኗል፣ ለመድረክ የሚሆን ሙዚቃም ጽፏል።

ከሮጀርስ ጋር ማወዳደር ግን ለሁለቱም ወገን ፍትሕ አይሆንም። የሮጀርስን ሥራ ኖታውን ገዝቶ፣ ቅጂውን ከፍቶ መመርመር ይቻላል፤ የዮፍታሔን ዜማ እንዲሁ ከፍቶ ለመስማት ግን ቀላል አይደለም። ሐዋሳም ሆነ አዳማ ያለ የኪነ ጥበብ ተማሪ ጉልበቱን በዚህ ላይ ቢያውል ከእኛ የቅዳሜ ክርክር የበለጠ ይጠቅማል።

ዙሪያ ጥምጥሙ ይቅር፤ አንድ ስም ጥራ ብትባል?

ሪቻርድ ሮጀርስ። የመድረክ ዜማ ሁለት ፈተና አለበት፦ መጀመሪያ በትዕይንቱ ውስጥ ሥራውን መሥራት፣ ቀጥሎ ከትዕይንቱ ወጥቶ በራሱ መኖር። ሶንድሃይም የመጀመሪያውን ከሁሉም በላይ ያልፋል፤ ሁለተኛው ብዙም አያስጨንቀውም። ሎይድ ዌበር ሁለተኛውን እንደ ልቡ ያልፋል፤ በመጀመሪያው ይንሸራተታል። ሁለቱንም ደጋግሞ ያለፈው ሮጀርስ ነው።

የሊቨርፑል ጨዋታ በሚታይበት የሐዋሳ ቤት ሁሉ ደጋፊው አንገት ልብሱን ዘርግቶ የሚዘፍነው «ዩል ኔቨር ዎክ አሎን» የሮጀርስ ነው፤ ከ«ካሩሰል» የወጣ። እንግሊዝ ስታዲየም የደረሰው በ1963 አንድ የሊቨርፑል ባንድ ስለተጫወተው ነው። በተውኔቱ ውስጥ ግን ባሏ አሁን የሞተባትን ነፍሰ ጡር ሴት አንዲት ዘመዷ ልታጽናናት የምትዘፍነው ነው። ዜማው ከታች ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ወደ ላይ ለመድረስ አይቸኩልም፤ ጫፍ የሚነካው ሊያልቅ ሲል ነው። አንዲትን ሴት ከወለል ለማንሣት የተጻፈ ዜማ ሰዎች በሺህ ሆነው ይነሡበታል።

በዚያው «ካሩሰል» መጀመሪያ አካባቢ፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋ ጁሊና የሚሽከረከረው የፈረስ መጫወቻ ደንበኛ ጠሪ ቢሊ ማታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ሁለቱም በዚያው ምሽት ከሥራ ተባረዋል። ንግግሩ ሳይታወቅ ወደ ዜማ ይገባል፣ ወደ ንግግር ይመለሳል፣ እንደገና ይዜማል። ሁለቱም «ብወድህ ኖሮ፣ ብወድሽ ኖሮ» እያሉ ይዘፍናሉ እንጂ አንዳቸውም «እወድሃለሁ፣ እወድሻለሁ» አይሉም። ዜማው ግን አፋቸው የካደውን ያምናል። ቢሊ ሳይነግራት ሞቶ በሁለተኛው ክፍል ያው ዜማ ሲመለስ፣ አሁን የሚዘፍነው ድምፁ የማይሰማት ሰው ነው። ዜማን መመለስ ማለት ይህ ነው።

«ካሩሰል» ሚስቱን የሚመታ ሰው የሚያዝንለት ተውኔት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የታላቅነት ማስረጃ ይሆናል?

ክሱ እውነት አለው። ቢሊ ጁሊን መትቷታል። ከሞተ በኋላ ለአንድ ቀን ወደ ምድር ተመልሶ ልጁንም ይመታታል፤ ልጅቱ እናቷን «ሰው መትቶሽ የማያም ሊሆን ይችላል?» ዓይነት ጥያቄ ትጠይቃታለች፤ እናቲቱም «አዎ» ትላለች። እኛ ጋር ይህ ቦታ ሲደርስ ከሴቶቹ አንዷ አጥፉት አለች፤ ሌሎቹ ደግሞ ይታይና እንነጋገርበት አሉ። «ቃሉ የሃመርስታይን እንጂ የሮጀርስ አይደለም» ብሎ ማምለጥም አይቻልም፤ የአግዳሚ ወንበሩን ትዕይንት ምስጋና ለሮጀርስ ከሰጠሁ የዚህንም ዕዳ አብሬ መስጠት አለብኝ።

ያም ሆኖ ቢሊ አባት ሊሆን መሆኑን ሲሰማ ብቻውን ሆኖ የሚዘፍነውን ሰባት ደቂቃ ያህል ዘፈን አልተውም። መጀመሪያ ወንድ ልጅ ብሎ ይፎክራል፤ ዜማው ያብጣል። ከዚያ ሴት ብትሆንስ ብሎ ድንገት ይቆማል፤ ሙዚቃውም አብሮት ይለዝባል። ቀጥሎ ገንዘብ የለኝም የሚለው ፍርሃት ይይዘውና ሰርቄም ቢሆን አመጣለሁ ብሎ ይጨርሳል፤ ለሞቱም ምክንያት የሚሆነው ይኸው ውሳኔ ነው። ሮጀርስ ሰውየውን ነጻ አያወጣውም፤ ጥፋቱ ከየት እንደሚነሣ ያሰማናል። ይህን ሁሉ ተናግሬ ከክበባችን አንዱ አባል ድምፁን ከሮጀርስ አንሥቶ ለሶንድሃይም ሰጠ። ምክንያቱን ስለገባኝ አልተከራከርኩትም።